የመጨረሻው ቅጠል ቀለም

የኔታ ዘሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስም ሲጽፉ ኖሩ። የአንኮበር ቁም ጸሐፊ ሥራው ይኸው ነው፤ ብራና ይፍቃል፣ ያሰምራል፣ ይጽፋል፣ በመጨረሻም መጽሐፉን ያጻፈውን ሰው የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ያስገባል። መጽሐፉ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ በዓመቱ በዓል ይነበባል፣ በተነበበ ቁጥርም ያ ስም ይጠራል። ያጻፈው ሰው አፈር ከለበሰ በኋላ እንኳ ስሙ በካህን አፍ ይነሳል። የአረርቲ ነጋዴ፣ የጫጫ ባለወፍጮ፣ አዲስ አበባ ቪላ ያቆመ የጎረቤላ ልጅ፣ ሁሉም በየኔታ መቃ ብዕር አልፈዋል። የየኔታ የራሳቸው ስም ግን አንድም መጽሐፍ ላይ የለም። የሚስታቸውማ ጭራሽ።

እኔ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በኋላ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ሰዎች ቁጡ ነህ ይሉኛል፣ አልዋሹም። ይህን ታሪክ ሳይቆጣ የሚያወራ ሰው ካለ ይምጣና በእኔ ቦታ ያውራው።

ቀለሙን የሚያዘጋጁት ሚስታቸው እማማ ንጋቷ ነበሩ። ከየጎረቤቱ ማድቤት ጣራ ጥቀርሻ ይሰበስባሉ፣ ይወቅጣሉ፣ በነጠላ ይነፋሉ፣ ከሰል እስኪመስል ካረረ ገብስ ጋር ማሰሮ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ወራት ይቆያል። አንድ ማሰሮ ቀለም ለመድረስ ክረምት ገብቶ ክረምት ይወጣል። የእማማ ንጋቷ እጅ እስከ ክርናቸው ጥቁር ነበር፤ ሳሙናም አመድም አያስለቅቀውም። ሠርግ ቤት ሲጠሩ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር።

ታመው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ባላቸውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። “የሰውን ስም ሲያኖሩ ኖሩ። የእኔን ማን ያነሳዋል? ወንድ ልጅ የለኝ” አሏቸው። የኔታም በመስቀል ማሉላቸው። እማማ ንጋቷ የተቀበሩ ሰሞን የኔታ የፍየል ቆዳ ወጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ቤት መጽሐፍ ጀመሩ።

መጽሐፉ ዓመታት ፈጀ። አንደኛው ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። በማጉያ መነጽር እያዩ በቀን ጥቂት መስመር ብቻ ይጽፋሉ። የሚጽፉበት ቀለም እማማ ንጋቷ ትተውት የሄዱት የመጨረሻው ማሰሮ ነበር። እሱም የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ አለቀ። የሚስታቸው የክርስትና ስም የሚገባው እዚያ ቅጠል ላይ ነው።

እንደ ድሮው ቢሆን ጎረቤት ዞሮ ጥቀርሻ መለመን ነው። ዛሬ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ አልብሷል፣ ገሚሱ በኤሌክትሪክ ያበስላል፣ ጣራው እንደ ሆስፒታል ጣራ ነጭ ነው። ጥቀርሻው ቢገኝ እንኳ ቀለሙ እስኪደርስ የየኔታ ዓይን አይጠብቅም። የገበያውን ቀለም ገዝቼ አመጣሁላቸው። ብራና ላይ ሲነካ ይፈሳል፣ ዓመት ሳይሞላም ይገረጣል ብለው መለሱልኝ። እሷን በሚገረጣ ቀለም አልጽፋትም አሉ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ፍቅርተማርያም። ደብረ ብርሃን ዳር በአንድ የምርምር ጣቢያ ጽዳት ትሠራለች። የጣቢያውን ስም አልጽፍም፣ ስሙ መጠራት ይወዳልና። እዚያ የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ፣ በዓይን የማይታዩ የካርቦን ቱቦዎች አሉ። አንድ ቀን መድኃኒት ተሸክመው የታመመው ቦታ ድረስ ያደርሳሉ ተብሎ ይታሰባል። ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ግን ሰውነት ውስጥ ገብተው የት እንደሚሄዱ መታወቅ አለበት፤ ጉበት ላይ ይቀራሉ ወይ፣ ሳንባ ላይ ይሰፍራሉ ወይ፣ ወይስ ይወጣሉ። ሥጋችን ራሱ አብዛኛው ከካርቦን የተሠራ ስለሆነ ካርቦንን በሰውነት ውስጥ ለይቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ይለጥፉበታል። ጨረሩ ቆዳ አልፎ ይወጣል፤ ካሜራው ከውጭ ሆኖ ዱካውን ይከተላል። የሚሞከረው በእኛው በደጋው በግ ላይ ነበር። በጉን ይወጉታል፣ ሳንቃ ላይ አስተኝተው በጠፍር ያስሩታል፣ ካሜራውን ከላዩ ያወርዱበታል። ሲያበቁ ያርዱትና እያንዳንዱን ብልት ለብቻው ይለኩታል።

ሥራውን የሚመራው ዶክተር ተስፋሚካኤል ይባላል። አንቱ አልለውም፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የጨረር መለኪያውን የሚይዘው ደግሞ እሸቴ የሚባል ባለሙያ ነው። ከበጎቹ የተረፈው ጥቁር ፈሳሽ በጠርሙስ ሆኖ እርሳስ በለበሰ ሣጥን ይቀመጣል። ጨረሩ በራሱ ጊዜ እየደከመ ይጠፋል፣ ያኔ ይደፋል። ሣጥኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ቢጫ ምልክት ተለጥፏል። ለፍቅርተ ግን ምን ማለት እንደሆነ የነገራት የለም፤ አትንኪ ብቻ ተብላለች።

አንድ ቀን ወለሉን ስትወለውል ጠርሙሱ ወጥቶ አየችው። የቀለም ቤት ልጅ ናትና ዓይኗ እዚያው ቀረ። ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው ብላ ዶክተሩን ጠየቀችው። ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። “ጥቀርሻ ነው። የደቀቀ ጥቀርሻ። የተረፈው ይደፋል” አላት።

ለጽዳት ሠራተኛ ከዚህ በላይ ማስረዳት ጊዜ ማባከን መሰለው። ማንን እያናገረ እንደሆነ ቢጠይቃት ኖሮ የማንም እጅ እዚያ ጠርሙስ ላይ ባላረፈ ነበር። ፍቅርተ እናቷ ስትወቅጥ፣ ስትነፋ፣ በጥቀርሻው ስትስል እያየች ያደገች ልጅ ናት። አባቷ አንድ ቅጠል ቀለም አጥቶ ዓይኑ እየጠፋ ተቀምጧል። እዚህ ደግሞ እናቷ በዕድሜዋ ያላለመችውን ያህል የላመ ጥቀርሻ ሊደፉ ነው። በልጇ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ቀዳች። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ አንኮበር ወጣች።

የኔታ ቀለሙን አውራ ጥፍራቸው ላይ ጠብ አድርገው በመነጽር አዩት፣ አሸተቱት፣ የግራር ሙጫ ጨመሩበት። እናትሽም እንዲህ አልምታው አታውቅ ብለው ፍቅርተን ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ተቀመጡና ጻፉ። ቁም ጸሐፊ መቃው እንዳይደርቅበት ጫፉን በምላሱ ያረጥባል፤ የኔታም ከልጅነታቸው የለመዱት ነው። በየመስመሩ ብዕራቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ ይልሳሉ፣ ይጽፋሉ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ሲጨርሱ ጠሩኝና የመጨረሻውን ቅጠል አነበቡልኝ። “ለአመትከ ወለተ ሐና”፣ ለባሪያህ ለወለተ ሐና የሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስቀመጡ። ወለተ ሐና የእማማ ንጋቷ የክርስትና ስም ነው። ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ የደስታ ለቅሶ ነበርና እኔም አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት እሸቴ ጠርሙሱን ሲለካ ጎድሎ አገኘው። ዶክተሩ ሠራተኛውን ሁሉ አሰለፈና መለኪያው በእያንዳንዱ ላይ እንዲያልፍ አደረገ። የፍቅርተ ቦርሳ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ተንጣጣ። ለአባቴ ወሰድኩለት አለች፣ ምንም አልደበቀችም። የሚደፋ ነገር መውሰድ ወንጀል አልመሰላትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በመኪና መጡ። እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ጓንት አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው ገቡ። እሸቴ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አሳለፈው፣ የሚቆላ ገብስ እንደሚንጣጣ ይንጣጣ ጀመር። መቃው ላይ ባሰበት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ባሰበት። ከዚያ ወደ የኔታ ፊት አስጠጋው፤ ጢማቸውና ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። መጽሐፉን ሊሳለም የመጣ አንድ ዲያቆን የነካበትን እጁን ግድግዳው ላይ ጠረገ። የኔታ ግን ያችን የደከመች ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዙረው የጠየቁት ስለራሳቸው አልነበረም። መጽሐፉ ምን ሆነ ነው ያሉት።

መጽሐፉንም እሳቸውንም ጭነው ሄዱ። ሕክምና ነው አሉን።

አሁን የምነግራችሁን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ገሚሱን ከፍቅርተ ገሚሱን ከራሱ ከእሸቴ። መንገድ ላይ እሸቴ ለዶክተሩ ነግሮታል። ከላይ ያሉት ቅጠሎች በሙሉ በድሮው ቀለም የተጻፉ ናቸው፣ የተበከለው የመጨረሻው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ግድም ግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ዓመቱ ሳያልቅ እንደማንኛውም መጽሐፍ ንጹሕ ይሆናል። ዶክተሩ ይህን ሳይነገረውም ያውቃል፣ የተማረው እሱን ነው። የፈራው ሌላ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ከጨረሩ ሣጥን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቢያገኝ ምን ይባላል? የጣቢያው ፈቃድስ? በማግስቱ መጽሐፉን በርሜል ውስጥ አስገብቶ ሲሚንቶ አስሞላበት። አካፋውን የያዘው እሸቴ ነው። ምን ላድርግ ታዘዝኩ አለኝ።

ከዚያ ፍቅርተን ቢሮው ጠራት። ጨረር ያለበት ነገር መስረቅ እንደሚያሳስር፣ ልጇንም ማን እንደሚያሳድግላት እንድታስብበት ነገራት። ዝም ካለች ግን ሥራዋም አይነካም፣ አባቷም ይታከማል። ለአባቷ መጽሐፉ ሣጥን ውስጥ እንዳለ መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ነገረቻቸው።

የኔታ ሕክምና አልተደረገላቸውም። ያስተኟቸው የበጎቹ ሳንቃ ላይ ነው። በጠፍሩ አሰሯቸው። ጠፍሩ ለበግ የተለካ ስለነበር ደረታቸው ላይ አጠረ፣ ዶክተሩ በገመድ አስቀጠለው። “አባባ፣ ካልተንቀሳቀሱ መጽሐፉ ቶሎ ይመለሳል” አላቸው። ይህን ከሰሙ በኋላ እኚያ ሰው እንደ ሬሳ ነው የተኙት። ትንፋሽ ያዙ ሲባሉ ይይዛሉ፣ ዙሩ ሲባሉ ይዞራሉ። ዶክተሩ ደስታው ሊገድለው ደረሰ። የበግ ነገር የትም አለ፣ ይህ ካርቦን በሰው ጉሮሮ ወርዶ የሚሄድበትን መንገድ ግን በካሜራ የተከተለ አላውቅም ይል ነበር። ፍቅርተ እየወለወለች ለአንድ ረዳቱ ሲነግረው ሰምታዋለች፦ “በግ አስቸጋሪ ነው። ይሄኛው ሲሉት ትንፋሹን ይይዛል።”

ስክሪኑ ላይ አባቷ ጥቁር ጥላ ናቸው፣ መካከላቸው ላይ አንድ ብሩህ ነጥብ። ነጥቡ የመጀመሪያ ቀን ጨጓራ ላይ ነበር፣ ቀጥሎ አንጀት ውስጥ ወረደ። አንገታቸው ላይም ትንሽ ብርሃን ቀረች። ዶክተሩ ፍቅርተን ጠርቶ አሳያት፤ አየሽ፣ እዚህ ደርሷል እያለ በእስክሪብቶ ያመለክታታል። ቀለሙ የደረሰበትን ያየሁት በእናቴ ስም ላይ ሳይሆን በአባቴ አንጀት ውስጥ ነው ብላኛለች። ከሰውነታቸው የሚወጣው ሁሉ መለካት ስለነበረበት ሽንታቸውንም ዓይነ ምድራቸውንም በባልዲ ይቀበሏቸው ነበር። ባልዲውን የምትሸከመው ፍቅርተ ነች፣ ሌላ የሚሸከም አልነበረማ። የኔታ፣ የፊደል አስተማሪው፣ ሴት ልጃቸው ፊት ጥምጥማቸውን አውልቀው የማያውቁ ሰው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጡ ነበር። ማደሪያቸው ከጋጣው አጠገብ ያለ የመኖ ክፍል ነው። ጾም ነበርና የሚሰጧቸውን ወተት ሁሉ ይመልሱታል፤ ዶክተሩ ይህንንም መመዝገብ አልረሳም።

በመጨረሻ ነጥቡ ከስክሪኑ ጠፋ። ንጹሕ ነዎት ተባሉ። መጽሐፌስ አሉ። እሱ ገና ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይምጡ ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ እኔና እሳቸው ከጎረቤላ በሚኒባስ እንወርዳለን። እጃቸውን ይዤ እመራቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ግቢው ውስጥ አያስገቡንም። በሩ ላይ ባፈና የሚባል ደግ ዘበኛ ነበር፣ ነገሩን የማያውቅ። በሩ አጠገብ መኪና እንዳይቆም የተቀመጠ የሲሚንቶ በርሜል አለ። አዎ፣ ያው ነው። ጊዜው ሲደርስ እሸቴ መለኪያውን አሳለፈበት፣ መሣሪያው ዝም አለ፤ እንደማንኛውም ድንጋይ ሆነ። ያኔ ሰብሮ ማውጣት ይቻል ነበር። ዶክተሩ ግን እያንከባለላችሁ በር ላይ አቁሙት፣ ዘበኛውም ይቀመጥበታል አለ። ባፈና በኮቱ እጅጌ ጠረግ ያደርገውና ይቀመጡ የኔታ ይላቸዋል። ይቀመጣሉ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሲበርዳቸው እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይከቱታል፣ በእጃቸውና በእማማ ንጋቷ ስም መካከል ያለው ያ ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ፍቅርተ ከውስጥ ወጥታ ሻይ ትሰጠንና ሳታየን ትመለሳለች። እንዲህ የምትሆነው በሥራ ብዛት ነው እያልኩ ለእሳቸው እከላከልላት ነበር።

የመጨረሻ ጊዜ የሄድነው ከገና በፊት ነው። ውርጩ ገና አልተነሣም። የኔታ ብዙ ከስተዋል፣ ይቅሩ ብላቸውም እምቢ ብለው ነው። ከበርሜሉ ላይ ተቀምጠው ሳለ የዶክተሩ መኪና ወጣችና ባፈና በሩን እስኪከፍት ቆመች። እኔ መስኮቱን አንኳኳሁ። አወረደው።

የኔታ ድምፁን ለይተው ተነሡ። “ልጄ፣ መጽሐፏ ደረሰች?”

“በሚቀጥለው ወር አባባ።”

“እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ብዙ ደከምክልኝ። ምንም የምከፍልህ የለኝም። ስትመልስልኝ ከእሷ ስም አጠገብ ቦታ አለች፣ ቆጥቤ የተውኳት። ያንተን ስም አስገባዋለሁ። የክርስትና ስምህ ማን ነው?”

ዶክተሩ በሩ መከፈቱን አየ። ከዚያ ስሙን ነገራቸው። ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አስቡት፤ ነገራቸው! ገብረ ሕይወት አላቸው። የኔታ እንዳይረሱት ሦስቴ ደጋገሙት፣ መስኮቱ ተዘጋና መኪናው ሄደ። እስከ ጎረቤላ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ሲደግሙት ነበር፣ ወለተ ሐና፣ ገብረ ሕይወት፣ ወለተ ሐና፣ ገብረ ሕይወት እያሉ።

ጥር ላይ አረፉ። በዓመቱ በዓል ከመጻሕፍቱ የሰዎች ስም ሲጠራ ቆሜ ሰማሁ። የአረርቲው ነጋዴ ተጠራ፣ የጫጫው ባለወፍጮ ተጠራ። ሁሉንም የጻፏቸው የኔታ ናቸው።

በተዝካራቸው ዕለት ፍቅርተ ከጓዳ ጠራችኝና ሁሉንም ነገረችኝ። ቁማ ነው የነገረችኝ፣ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ልቆጣት አልቻልኩም። በማግስቱ መዶሻ ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ባፈና ተቀይሯል። አዲሱ ዘበኛ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ በዱላ አባረረኝ። ዶክተሩ ውጭ አገር ነው አለኝ። እሸቴን አስፓልቱ ዳር አገኘሁት። ብትሰብረውም ብራናውን ሲሚንቶው በልቶታል አለኝ። ዶክተሩ የሄደው ለሥራው ስብሰባ ነው፣ የየኔታን ሥዕል፣ ያንን ጥቁር ጥላና ብሩህ ነጥብ፣ በትልቅ ስክሪን ያሳያል አለኝ። ከሥሩ ምን ተብሎ ተጽፏል አልኩት። ስም አይጻፍም፣ ሕጉ አይፈቅድም፤ ወንድ፣ አረጋዊ ብቻ ነው የሚለው አለኝ።

በርሜሉ አሁንም በሩ ላይ ነው። ፍቅርተማርያም ሥራዋን አልለቀቀችም። በየጠዋቱ ግቢውን ጠርጋ ስትጨርስ ወደ በሩ ትወጣና የበርሜሉን ዙሪያ ትጠርጋለች።